ብርድ ነው ወይስ እሳት? ለቀላል ሕመም የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ቤት ውስጥ እንዴት መጠቀም ይቻላል

ደቡብ ቻይና ያለችው ጓንጁ ከተማ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ጉሮሮዬን ክፉኛ አመመኝ። እንደ አገሬ ልማድ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቼ፣ ማር ጨምሬበት ትኩስ ትኩሱን ጠጣሁ። በማግስቱ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ። ናይናይ እላቸዋለሁ፤ እኛ "እማማ" እንደምንለው ነው። "ምላስህን አውጣ" አሉኝ። አወጣሁ። አይተው ሳቁብኝ። "ቤትህ እየነደደ እንጨት ትማግዳለህ?"

ምላሴ ጫፉ ቀይ፣ ላዩ ቢጫ ነበር። በእሳቸው አነጋገር "ሻንግ ኹዎ" ነው፤ እሳት ወጥቶብኛል። ዝንጅብሉ ደግሞ ራሱ እሳት ነው። መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ወስደው አንድ ኩባያ ጥቁር ፈሳሽ አስጠጡኝ። ሊያንግ ቻ ይባላል፣ "ቀዝቃዛ ሻይ" ማለት ነው። የሚጠጣው ግን ብዙ ጊዜ ሞቅ እንዳለ ነው፤ ስሙ የወጣለት የሰውነትን እሳት ያበርዳል ስለሚባል ነው። ምሬቱን ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ጉሮሮ በራሱ ጊዜም ይለቃልና ሻዩ ነው ያዳነኝ ብዬ አልምልም። የናይናይ ጥያቄ ግን አብሮኝ ቀረ።

1. መጀመሪያ ብርድና እሳትን ለዩ

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። "ብርድ መታኝ"፣ "ምች ነው" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት የሚነሳውን ጭቅጭቅ አስቡት። ቻይናዎችም ነፋስ ይፈራሉ። በሽታ ነፋስ ተሳፍሮ ነው የሚገባው፣ በሩም ማጅራት ነው ይላሉ።

ጉንፋን በእነሱ አቆጣጠር ቢያንስ ሁለት ነው። የብርዱ ጉንፋን ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ይቆረጣጥማል፣ ንፍጡ እንደ ውሃ ነው፣ አክታው ነጭ ነው፣ አያልብም። የእሳቱ ጉንፋን ጉሮሮ ያቆስላል፣ አክታው ቢጫ ነው፣ ውሃ ያስጠማል፣ ምላስ ይቀላል።

ምላሳችሁን ጠዋት ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩት። ቡናና በርበሬ ቀለሙን ያሳስታሉ። የቻይና ሐኪም አራት ነገር ያደርጋል፦ ያያል፣ ድምፅ እየሰማ ያሸታል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሦስት ጣቱን አንጓችሁ ላይ አድርጎ የደም ምት ያዳምጣል። ምቱን ማንበብ ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ስለሆነ ተዉለት። ለቤት ምላስ ማየትና ጥያቄ ይበቃል።

የዘመናዊው ሐኪም ይህን ክፍፍል አይጋራም። ለእሱ ሁለቱም ጉንፋን ከቫይረስ ነው የሚመጣው። እኔ የምጠቀምበት ምን ልጠጣ ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። በሽታዬ ምንድነው ለሚለው ላቦራቶሪ አለ።

2. ከማድ ቤት ጀምሩ

ዝናብ መቶን ከገባን፣ ማስነጠስ ከጀመረን ዝንጅብል ጊዜው አሁን ነው። አውራ ጣት የምታክል ትኩስ ዝንጅብል አጥባችሁ ከነልጣጯ በስሱ ክተፉ። በሁለት ኩባያ ውሃ አሥር ደቂቃ አፍሉ። አንድ ማንኪያ ቡናማ ስኳር ጨምሩ። ናይናይ የባሮ ሽንኩርት ነጩን ጫፍም ይጨምሩበታል፤ ሽታውን ለምዳችሁ ትጠጡታላችሁ። ትኩሱን ጠጥታችሁ ተሸፋፍናችሁ ተኙ። የሚፈለገው ግንባር ላይ ወዝ ያለ ላብ ነው። አንሶላ እስኪርስ ማላብ ጉልበት ይጨርሳል ይላሉ፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ። ጨጓራ ያለበት ሰው ያሳንሰው።

ደረቅ ሳል ከሆነ ፒር ፍሬ ፈልጉ። አናቱን እንደ ክዳን ቆርጣችሁ አንሱት፣ ውስጡን ፍሬውን አውጡ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ አንኳር ስኳር ክተቱ፣ ክዳኑን መልሱ። በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በእንፋሎት አብስሉት። ሥጋው እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፣ ሥሩ ጣፋጭ ጭማቂ ይጠራቀማል። ሁለቱም ይበላል። እኔ ለሳል ብዬ ጀምሬ ዛሬ ሳያመኝም እበላዋለሁ። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን አይሆንም። በስኳሩ ፈንታ ማር የምታደርጉ ከሆነ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አትስጡ።

ለሙቀት ደግሞ ማሾ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚመረተው ያው አረንጓዴው ማሾ ነው። በጓንጁ የበጋ ሙቀት ቤት ሁሉ ይቀቀላል። አንድ እፍኝ ማሾ በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጥዳችሁ፣ ከፈላ አሥር ደቂቃ በኋላ አረንጓዴውን ውሃ ቅዱና አቀዝቅዛችሁ ጠጡ። የቀረው እስኪፈርስ ይቀቀልና በስኳር ይበላል። ኮምፒውተር ላይ ውሎ ዓይኑ ለሚቃጠል የደረቀ የክሪሳንተመም አበባ ሻይ አለ፤ አምስት ስድስት አበባ በፈላ ውሃ፣ በቃ። ሽታው ደስ ይላል።

3. ጣትና ማንኪያ

መኪና ሲያዞራችሁ ይህን ሞክሩ። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ። የሌላውን እጅ ሦስት ጣት አንጓው መስመር ላይ አግድም ጣሉ። ሦስተኛው ጣት ያለቀበት፣ በሁለቱ ጅማቶች መሐል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ኔይጓን ይባላል። በአውራ ጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ይህ ቦታ በጥናት ደህና ውጤት ካሳዩት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ለራስ ምታትና ለጥርስ ሕመም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይጫናሉ፤ ኸጉ ይሉታል። ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። ለሆድ መነፋት ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት፣ ከቅልጥሙ አንድ ጣት ወደ ውጭ። ስሙ ዙሳንሊ ነው። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ እንደ ዝለት ያለ ደብዛዛ ሕመም ይሰማል።

ማንኪያው ለጓ ሻ ነው። ማጅራት ሲደርቅ ዘይት ይቀቡና በፖርሲሊን ማንኪያ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። (በነገራችን ላይ "ሲኒ" የምንለው ቃል ራሱ በዓረብኛ "የቻይና" ከማለት የመጣ ነው።) ቆዳው ይቀላል፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው ይለፈው። ብርጭቆ በእሳት እያሞቁ ጀርባ ላይ መለጠፉን ደግሞ እኛ ዋግምት ብለን እናውቀዋለን፣ በቀንድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ሐምራዊ ምልክት ይዞ የታየው ከዚሁ ነው። በእሳትና በምላጭ የሚሠራውን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ባለሙያ ይሥራው።

4. ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ትኩሳት 39 ዲግሪ ካለፈ ወይም ሦስት ቀን ከቆየ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ አንገት ከደረቀ፣ ደም ከታየ፣ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከታመመች፣ ጉዳዩ የሻይ አይደለም። ወባ ካለበት አገር የመጣ ትኩሳት ደግሞ ዛሬውኑ ይመርመር።

"ቅጠል ነው፣ አይጎዳም" የሚባለውን አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን የወሰዱ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ። ነገሩ የመጣው ከስም መመሳሰል ነው። ፋንግጂ የተባለው ሥር መግባት ሲገባው ጓንግ ፋንግጂ ገባ። በውስጡ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለ፤ ካንሰርም ያመጣል። ማኹዋንግ የተባለውን የልብ ምት የሚያፋጥን ዕፅ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከማሟያ ምግቦች ውስጥ አግዳለች። ለሴቶች ተብሎ የሚሸጠው ዳንግዊ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ከተወሰደ ደም ሊያፈስ ይችላል። ጋንጻው፣ ማለትም ሊኮሪስ፣ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ የምትወስዱትን የሐኪም መድኃኒት ስም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪማችሁም ዕፁን ንገሩት። ስሙ የማይነበብ ክኒን አትግዙ።

ደም ይሞላል እየተባለ የሚሸጠው ኧጃው የተባለው ቡናማ ጄላቲን ከአህያ ቆዳ ነው የሚሠራው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ተቃውሞ የተዘጋው ትዝ ካላችሁ፣ ቆዳው ይፈለግ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ አልገዛም። ደም ያነሰው ሰው ምርመራ አድርጎ የብረት ክኒን ቢወስድ ይሻለዋል።

5. የታዘዘላችሁን ማፍላት

ፈቃድ ያለው ሐኪም ካዘዘላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ መድኃኒት ቤቱ ትሄዳላችሁ። ማየት ብቻ ያስደስታል። ግድግዳው ሙሉ ትንንሽ መሳቢያ ነው። ሠራተኛዋ ስሙን ሳታነብ ትከፍታለች። ትንሿን የእጅ ሚዛን አንጠልጥላ ትመዝናለች፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጉት ወረቀቶች ላይ በዓይን ግምት እኩል እኩል ትበትናለች። ልጣጭ፣ ሥር፣ አበባ፣ አንዳንዴም የፌንጣ ቅርፊት የሚመስል ነገር። አንድ ጥቅል የአንድ ቀን ነው።

ማፍያው ሸክላ ይሁን። ብረትና አሉሚኒየም ከዕፁ ጋር ይጣላሉ። ጀበና ለምን ሸክላ እንደሆነ የሚገባው ሰው ይህ አይከብደውም። ዕፁን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከላዩ ሁለት ጣት እስኪያልፍ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። በኃይለኛ እሳት አፍሉና ወዲያው እሳቱን ቀንሱ። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይንተክተክ። አጥሉ። ሁለተኛ ውሃ ጨምራችሁ ትንሽ አሳንሳችሁ ድገሙት፤ አቦል ብቻ ሳይሆን ቶናም አለው እንበል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ለጠዋትና ለማታ ክፈሉት። እንደ ናና ያለ መዓዛው የሚበን ቅጠል መጨረሻ አምስት ደቂቃ ላይ ነው የሚገባው።

ማፍላት ግን ለሁሉም አይሆንም። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ፣ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ላይ አንድ እፍኝ ቺንግኻው በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል አገኘች። አፍላ አይልም። ቺንግኻው የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ሙቀቱ ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ ተሳካላት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። የእኛ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጡት ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተሠራው ከዚያ ነው። ይህ ማለት ቅጠሉን አፍልታችሁ ለወባ ጠጡ ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም።

ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ድስቱ ውስጥ ዝቃጭ ይቀራል። ናይናይ ልጅ ሳሉ ሰፈራቸው ውስጥ ዝቃጩን አውጥተው መንገድ ላይ ይደፉት ነበር። አላፊ አግዳሚው ሲረግጠው በሽታው ተሸክሞት ይሄዳል ይባላል። ይህን ሲነግሩኝ እንዲያብራሩልኝ አልጠየቅኩም። መንታ መንገድ ላይ የተጣለ ነገር እንዳትረግጥ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኔ አበባ ማሰሮ ውስጥ ነው የምደፋው።