የቀበሌን የአደጋ ስጋት ማጥናት፦ ከደረቁ ወንዝ ጀምሩ

የስጋት ጥናት ሲባል ብዙ ቦታ የሚሆነው ይታወቃል። ከላይ ቅጽ ይመጣል፣ ቢሮ ተቀምጦ ይሞላል፣ ጎርፍ «መካከለኛ»፣ ድርቅ «ከፍተኛ» ተብሎ ፋይል ይገባል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሌሊት ውሃ ሲመጣ ማንንም አይቀሰቅስም። ዋሂል ይሁን ቢዮ አዋሌ ወይም ጀልዴሳ፣ በድሬዳዋ ገጠር ይህ ሥራ ከተሰጣችሁ ቅጹን አቆዩትና መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ውረዱ።

የእኛ ጎርፍ ጠባዩ ክፉ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ፣ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል፣ ደጋ ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ ከተማን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው የፈጀው ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ውሃ ነው፤ ሰው ተኝቶ ነበር። ስለዚህ «እዚህ ምን ያህል ይዘንባል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የወንዛችን ራስ የት ነው? እዚያ ከዘነበ ውሃው እኛ ጋ በስንት ሰዓት ይደርሳል? እረኞችን ጠይቁ፣ ያውቁታል። ከላይ ባለው ቀበሌ ደውሎ የሚያስጠነቅቃችሁ ሰው ፈልጉና ስልኩን ያዙ። ከጥናቱ ሁሉ ሰው የምታተርፈው ይቺ አንዲት ቁጥር ልትሆን ትችላለች።

ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ የግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ፌስታል፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የደለል መስመር ተመልከቱ። ውሃው እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከወንዙ ወለል እስከ ምልክቱ በገመድ ለኩ፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ቁጠሩ፦ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ የአትክልት ማሳ፣ ተማሪዎች የሚሻገሩበት መንገድ። መሻገሪያውን በተለይ አትናቁ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሰው ሊጥል ይችላል፣ 60 ሲደርስ ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል።

ቀጥሎ ሰው ሰብስቡና ቀበሌውን መሬት ላይ በአመድና በጠጠር ሳሉት። ሴቶቹን ለብቻ አወያዩ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ቤት አራስ፣ የትኛው ቤት ከአልጋ የማይነሳ አዛውንት እንዳለም እነሱ ያውቃሉ። ሰዉ በሚናገርበት፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ስለ 77ቱ ድርቅ፣ ስለ 2008ቱ የኤልኒኖ ድርቅ፣ ስለ 2012ቱ አንበጣ አንሱላቸው። ያኔ ማን ቀድሞ ተጎዳ? ምን ሸጠ? ወዴት ሄደ?

ድርቅ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የሚለካውም በገበያ ነው። አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? በየገበያው ቀን መዝግቡ። ፍየል እየረከሰ ማሽላ ከተወደደ ችግሩ ከብት መሞት ሳይጀምር ገብቷል። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ማሽላው በጊዜው ካልተዘራ፣ ውሃ ለመቅዳት የሚኬደው መንገድ ከረዘመም እንደዚሁ ጻፉ።

ገደላማ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ መሬትና ያዘመመ ዛፍ ካያችሁ መንሸራተት አለ። ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን፣ መሬት መንቀጥቀጥም አይረሳ፤ በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው የተሰነጠቁ ቤቶችን፣ በተለይ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ፣ ምልክት አድርጉባቸው።

አሁን ቅጹን አምጡት። ለእያንዳንዱ አደጋ ሁለት ነጥብ ስጡ፣ ከ1 እስከ 3፦ በስንት ጊዜው ይመጣል፣ ሲመጣስ ምን ያጠፋል። አባዟቸው። በቁጥሩ ብቻ ግን አትወስኑ፤ ጎርፍ በሃያ ዓመት አንዴ ቢመጣም ወንዝ ዳር የተኛ ቤተሰብ ካለ ከላይ ይጻፍ። ካርታውን በወረቀት ገልብጡና ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ መሸሻውን ከፍታ ቦታ በቀይ አክብቡ። በልግ ከመግባቱ በፊት የካቲት ላይ፣ ከክረምት በፊት ሰኔ ላይ እየዞራችሁ አዲስ የተሠራ ቤት ጨምሩበት፣ ያቺን ስልክም ደውላችሁ አሁንም እንደምትሠራ አረጋግጡ።