አስማተኛው ጨዋታውን ብቻውን ሲበላው፦ ችግርና መፍትሄ

እሁድ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እንጫወታለን። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና (አስማተኛ፣ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ቄስ) ይዞ በአፍ የሚተረክ የጀብዱ ጨዋታ ነው፤ የሞከሩት ነገር መሳካቱን ዳይስ (ዛር) ይወስናል። አምስት ነን። ሁለቱ ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ከገላን፣ እኔ ደግሞ ከሳሪስ እንመጣለን። አጫዋቹ እኔ ነኝ። ታሪኩን እነግራለሁ፣ ጭራቆቹን አንቀሳቅሳለሁ፣ ሕጉን እይዛለሁ።

አንድ ሰሞን ጨዋታው ሊፈርስብን ደርሶ ነበር። ሁላችንም ጥፋቱን አስማተኛው ላይ ጣልን። ጥፋቱ ግን የአስማተኛው አልነበረም። እናንተም ጋ ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ ሕግ ከመቀየራችሁ በፊት ምልክቱን ከምክንያቱ ለዩት። እዚህ የማነሳቸው ሕጎች እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም ናቸው።

ምልክት፦ አስማተኛው በሁለት ዙር ፍልሚያውን ይጨርሰዋል፤ ተዋጊው ስልኩን ይነካካል

ይህን ያየሁት ተዋጊውን በሚጫወተው ልጅ ፊት ላይ ነው። ካርታችን የሒሳብ ደብተር ወረቀት ነው። ጀግኖቹ ባቄላ፣ ጠላቶቹ ሽምብራ ናቸው። ስድስት ሽምብራ ደርድሬ «ሽፍቶቹ ከጫካው ወጡ» አልኩ። አስማተኛው የእሳት ኳስ ወረወረ። ሽምብራዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። የተዋጊው ተራ ሲደርስ ልጁ ቀና ብሎ «ማን ቀረ?» አለኝ። ማንም አልቀረም። ለአራት ሳምንት እንዲሁ ሆነ።

እኔ መጀመሪያ የያዝኩት መንገድ ስህተት ነበር። የእሳት ኳሱን ከ8 ዳይስ ወደ 5 ዳይስ ቆረጥኩት። አስማተኛው «ታዲያ ለምን አስማተኛ ሆንኩ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተዋጊውም ቢሆን ምንም አላተረፈም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቁጭ ብዬ ሳሰላ ነው። ደረጃ 5 የደረሰ አስማተኛ በቀን 9 ስሎት አለው፤ 4 አንደኛ ደረጃ፣ 3 ሁለተኛ፣ 2 ሦስተኛ። ስሎት ማለት የጥይት ቁጥር በሉት፤ ሲያልቅ አለቀ፣ በአብዛኛው ረጅም እረፍት ካላደረገ፣ ማለትም ተኝቶ ካላደረ፣ አይመለስም። የእሳት ኳስ 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው፤ በአማካይ 28 ጉዳት፣ ለዚያውም ውስጡ ላለው ሁሉ። ሴቩን (ከድግምቱ ለማምለጥ የሚጣለውን ዳይስ) ያለፈ ጠላት ግማሹን ብቻ ይቀበላል። ተዋጊው በዚሁ ደረጃ በተራው ሁለቴ ይመታል። በትልቅ ሰይፍ ሁለቱም ቢያርፉለት 22 አካባቢ ነው፣ ለዚያውም በአብዛኛው አንድ ሰው ላይ። ግን የተዋጊው ሰይፍ አያልቅም። የጨዋታው ሚዛን ያለው እዚህ ላይ ነው። የአጫዋቹ መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ የጀብዱ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ይችላል ይላል። አስማተኛው መቆጠብ ያለበት ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ግን በቀን ስንት ፍልሚያ ነበር? አንድ።

ለምን መሰላችሁ? በታክሲ ምክንያት። 8 ሰዓት እንጀምራለን። ቡናው ሲፈላ አንድ ሰዓት ይሄዳል። 12 ሰዓት ሲቃረብ ሰልፉ ሳይረዝም መውጣት አለብን። ስለዚህ አንድ ፍልሚያ እንደጨረስን «በቃ፣ ድንኳን ተክላችሁ ተኛችሁ» እልና እንበተናለን። በሚቀጥለው እሁድ አስማተኛው ስሎቱ ሞልቶ ይመጣል። አንድ ፍልሚያ ብቻ እንዳለ ስለሚያውቅ ያለውን ሁሉ ያራግፋል። ማንም ሰው ይሄንኑ ያደርጋል።

መፍትሄው የእኛን እሁድና የጀግኖቹን ቀን መለየት ነው። አሁን መሃል ላይ እንቆማለን፤ ዋሻው በር ላይ ቢሆንም፣ ደማቸው እየፈሰሰ ቢሆንም። ስሎት በእርሳስ እናጠፋለን። ከመውጣታችን በፊት የሁሉንም ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። አንዱ የጀግኖች ቀን ሦስት እሁድ ይወስዳል። በሁለተኛው እሁድ አስማተኛው አንድ ሦስተኛ ደረጃ ስሎት ብቻ ቀርቶት በሩ ላይ ቆመ። ወደ ተዋጊው ዞሮ «አንተ ቅደም፣ እኔ ይቺን ላቆያት» አለው። ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ይህም ካልበቃ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ አማራጭ አለ፤ አጭር እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅም እረፍት 7 ቀን ይሆናል። መንገድ ለሚበዛበት ታሪክ ይመቻል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግን ተነጋገሩበት። 8 ሰዓት የሚቆይ የመከላከያ ድግምት የመረጠ ሰው እኩለ መንገድ ላይ ሕጉ ቢቀየርበት ይጎዳል።

ምልክት፦ አስማተኛው ይበራል፣ ተሰውሯል፣ ጠላቱንም አፍዝዟል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ

ይሄ የሕጉ ጉድለት አይደለም፤ ተረስቶ ነው። ሦስቱም ድግምቶች ትኩረት ይጠይቃሉ፤ ማለትም እንዲቀጥሉ አስማተኛው ሐሳቡን እነሱ ላይ ማቆየት አለበት። አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አንድ ትኩረት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሲጀምር የመጀመሪያው ይፈርሳል። ጉዳት ሲደርስበት ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የጽናቱን ነጥብ ይደምራል። ማለፊያው 10 ነው፣ ወይም የጉዳቱ ግማሽ፤ የበለጠው ይያዛል። 26 ከተመታ ማለፊያው 13 ይሆናል ማለት ነው።

ለመርሳት መድኃኒቱ ቀላል ነው። እኛ ጋ ትኩረት የያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ስኒ ይደፋል። ያቺን የተደፋች ስኒ ሁሉም ያያታል። ጉዳት በመጣ ቁጥር አራት ሰው «ስኒህ!» ይላል። ሁለተኛ ስኒ የለም።

የስኒ ነገር ከተነሳ፣ ማስቀመጫውም ሥራ አለው። የእሳት ኳስ ከመሃሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ 20 ጫማ ይሄዳል። አንድ የጨዋታ ካሬ 5 ጫማ ስለሆነ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 8 ካሬ ነው። እኛ አንዱን ካሬ 1.5 ሴንቲ ሜትር አድርገን ስለምናሰምር 12 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የስኒ ማስቀመጫችን ልክ ያህል። ድሮ «እነሱን ብቻ ይነካል» እየተባለ በአፍ ነበር የሚታለፈው። አሁን ማስቀመጫው ካርታው ላይ ሲያርፍ ሁለት ባቄላ ከስሩ ይገባል። ያኔ አስማተኛው ያስባል።

ምልክት፦ ዋናው ጠላት በአንድ ድግምት ይፈዛል፤ ወር ሙሉ የጠበቅነው ፍልሚያ ያልቃል

ምክንያቱ ብቻውን መሆኑ ነው። እናንተ አራት ተራ አላችሁ፣ እሱ አንድ። ያንን አንድ ተራ ከነጠቃችሁት ምን ቀረው? ስለዚህ አጃቢ ስጡት። ትልልቅ ዘንዶዎችና መሰሎቻቸው በቀን 3 ጊዜ የወደቁበትን ሴቭ እንዳለፉ የሚያስቆጥር አቅም አላቸው። ሲጠቀሙበት ለተጫዋቾቹ በግልጽ ተናገሩ፤ «አንዱን አቃጠላችሁበት፣ ሁለት ቀረው»። ያኔ የከሸፈው ድግምት በከንቱ አይቀርም። ጠላቱን ምንም የማይነካው ማድረግ ግን የልጁን ምርጫ መናቅ ነው፤ እኔ አልወደውም።

ምልክት፦ አስማተኛው የሌባውንም፣ የቄሱንም ሥራ ይሠራል

ድግምቱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ቁልፍ የሚከፍተው ድግምት እስከ 300 ጫማ የሚሰማ ጩኸት አለው። ሌባው በሽቦ ሲከፍት ግን ማንም አይሰማም። ቃል የሚጠይቅ ድግምት በቃል ነው የሚባለው፤ ዘበኛው አጠገብ ቆሞ በልቡ ማለት አይቻልም። የሞተን በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚያስነሳው ደግሞ አስማተኛው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ የቄሱ ነው፤ ለዚያውም 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ይበላል። አልማዙ የት ይገኛል? ያ ራሱ ጥሩ ታሪክ ነው።

በነገራችን ላይ «ድግምት» የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ይከብዳል። የጓደኛችን እናት ቡና ሲያፈሉ ሰምተው ደንግጠው ነበር። ወረቀቱን አሳየናቸው፣ ዳይሱን እሳቸው ጣሉልን፣ ተረት መሆኑን አዩ። እሳቸው ባሉበት ግን «ስፔል» እንላለን። አክብሮት ነው።

ምልክት፦ አስማተኛው ደረጃ 1 ላይ ነው፣ ሁለቴ ተኩሶ ቁጭ ይላል

ይህ የተገላቢጦሽ ችግር ነው። ስሎቱ 2 ብቻ ስለሆነ ጀማሪ ተጫዋች ቶሎ ይሰላቻል። አጭር እረፍት ላይ በቀን አንዴ አንድ ስሎት መመለስ እንደሚችል ንገሩት፤ ብዙዎች አያዩትም። ስሎት የማይበሉ ትንንሽ ድግምቶችም አሉት። እንደ ሥርዓት የሚፈጸሙትን ደግሞ 10 ደቂቃ ጨምሮ ያለ ስሎት ማድረግ ይችላል። እኛ ጋ አዲስ የመጣችው ልጅ ይህን ካወቀች በኋላ በየበሩ «ቆዩ፣ 10 ደቂቃ ስጡኝ» እያለች አስማት ያለበትን ዕቃ ትለያለች። ተዋጊው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።