በወንጀል ጉዳይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከእርቅ ሸንጎ እስከ ይግባኝ

«እርቅ ወርዶ የለም እንዴ? ታዲያ ልጁ ለምን ይታሰራል?»

በደሴም በወልድያም የፍርድ ቤት አጥር ሥር ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ጠያቂዎቹ ሕግ የሚንቁ ሰዎች አይደሉም። «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ እግራቸውን የሚሰበስቡ፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» እያሉ ያደጉ ናቸው። የሚጎዳቸው የወንጀል ክስ የማን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ካፈረሰው ስህተት ልጀምር።

እርቅ ከወረደ ክሱም ይቀራል ብሎ ማሰብ

ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ። ሁለቱን ወገን ለይተው ያነጋግራሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ ዱአ ተደርጎ ደም ይደርቃል። ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብረዋለሁ። ፍርድ ቤት ገዳዩን ሃያ ዓመት ቢያስረው የሟች ወንድም ሆድ ውስጥ ያለውን ቂም አያወጣለትም፤ አበጋር ግን ያወጣል።

ክሱ ግን የሟች ቤተሰብ አይደለም። ከሳሹ በመንግሥት ስም የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ይቅር ብለናል» ቢል እንኳ መዝገቡ አይዘጋም። እርቁ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ጥፋተኛው ከልቡ መጸጸቱንና የተቻለውን ያህል መካሱን ካስረዳ፣ ይህ ቅጣት ከሚያቀሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የእርቁን ጽሑፍና ካሳ የተከፈለበትን ማስረጃ ጠብቃችሁ ያዙ፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ከመወሰኑ በፊትም አቅርቡት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከእርቁ በኋላ ምስክሮችን «አላየንም በሉ» ማለት ነው። ችሎት ፊት ምሎ ሐሰት መናገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አንድ ታሳሪ እናድናለን ብለው ሦስት ታሳሪ የጨመሩ አሉ።

በሌላ በኩል ተበዳዩ ካላመለከተ በቀር የማያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ስድብ፣ ዛቻ፣ ተራ ድብደባ፣ አመንዝራነት። እነዚህን በሽምግልና መጨረስ ይቻላል። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ ጊዜው ነው። ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ አለበት። ሽማግሌዎቹ «ለሚመጣው ጁምዓ»፣ «ለሚመጣው እሑድ» እያሉ ሲያቀጣጥሩ 3 ወሩ ያልፍና ያልታረቀው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። አቤቱታውን በጊዜው አስገብታችሁ ሽምግልናውን ጎን ለጎን ቀጥሉ።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት የወንጀል ጉዳይ አይቶ ይፈርዳል የሚሉም አጋጥመውኛል። ሕገ መንግሥቱ ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች የተወው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፤ እሱም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ።

የተያዘን ሁሉ «ወንጀለኛ» ማለት

ሰው ሲያዝ ተጠርጣሪ ነው፤ ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይባላል፤ ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት ደግሞ ፍርደኛ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ከመጨረሻው ፍርድ በፊት ተከሳሹን እንደ ንጹሕ ቆጥሩት ይላል። ይህን አለማወቅ ሰፈር ውስጥ ስም ያጠፋል፤ ችሎት ውስጥ ደግሞ ያስደነግጣል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ዳኛው «ይከላከል» ሲሉ እናቶች ልጃቸው የተፈረደበት መስሏቸው እዬዬ ይላሉ። ይከላከል ማለት «ክሱን ሊያስረዳ የሚችል ነገር ቀርቧል፤ አሁን ያንተን ምስክርና ማስረጃ አምጣ» ማለት ነው። ለቅሶውን ትታችሁ መከላከያ ምስክር የምታሰባስቡት ያን ጊዜ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ያልገባቸውን ቃል መፈረም

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ጥግ ይሰማል። እዚያ በተነሣ ጠብ የተያዘ የአፋር ወይም የኦሮሞ ልጅ አማርኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ይችል ይሆናል፤ ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ግን ቃል ለመስጠት አይበቃም። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው። ዝም የማለትም መብት አለው፤ የሚናገረው ደግሞ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። ተገዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት አይያዝበትም። ስለዚህ ጽሑፉ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ያላላችሁት ካለ እንዲታረም ተናገሩ፤ ሳትረዱት አትፈርሙ። «ቶሎ ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ» የተባለ ሰው ያን ወረቀት ከወራት በኋላ ችሎት ላይ ሲያገኘው አይቻለሁ።

ዘመድም ዝም ብሎ ደጅ መቆም የለበትም። የታሰረን ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ቅርብ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት እንደሚችሉ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደንግጓል።

48 ሰዓትና ዋስትናን አለመረዳት

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም፤ ከራቀ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ይህ ለውጥ አለው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ቢጠይቅ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። በየቀጠሮው ተነሥታችሁ ዋስትና ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ የሚያስታውስላችሁ ላይኖር ይችላል። ተበዳዩ ሆስፒታል ተኝቶ የመሞት ሥጋት ካለበትና ወንጀሉ ከባድ ከሆነ ዋስትና ሊከለከል እንደሚችልም እወቁ።

በዋስ መውጣት ነጻ መባል አይደለም። ለዋስትና የተያዘው ገንዘብም ቅጣት አይደለም፤ ተከሳሹ በቀጠሮው እየቀረበ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። ከቀረ ግን የዋሱ ገንዘብ ይሄዳል። ለወንድማችሁ ልጅ ዋስ ስትሆኑ ይህን አስባችሁ ፈርሙ።

ዕዳን ፖሊስ ጋ መውሰድ

ኮምቦልቻ ላይ እቃ በዱቤ ወስዶ ያልከፈለ ነጋዴ ባለዕዳ ነው እንጂ በዚያ ብቻ ወንጀለኛ አይሆንም፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። ከመነሻው ሊያታልል አስቦ በሐሰት እቃህን ከወሰደ፣ ወይም ስንቅ የሌለው (ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለበት) ቼክ ከጻፈልህ ግን ወንጀል አለበት። የድንበር ክርክርም እንደ ዕዳው በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ጋር፣ ዐቃቤ ሕግ የተበዳዩ ጠበቃ አይደለም። ለሕክምና ያወጣችሁትን ወይም የተሰበረባችሁን ንብረት ማስከፈል ከፈለጋችሁ ካሳ ራሳችሁ ጠይቁ፤ እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ እንዲታይ ማመልከት ይቻላል።

«ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት

አያድንም። ዳኛው ሁኔታውን አይቶ ቅጣት ሊያቀልበት ቢችልም፣ ነጻ የሚያወጣ መከራከሪያ አይደለም።

የይግባኝ ቀን ማሳለፍ

ከፍርድ በኋላ ዘመድ ይበተናል፣ ገንዘብም ይደክማል፤ ቀኑ ግን ይሮጣል። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይቀርባል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ፍርዱ በተነበበበት ቀን፣ ከግቢው ሳትወጡ፣ ግልባጩን ጠይቁ።