ሩት ካናል ካስደረጉ በኋላ ክራውን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሩት ካናል ተበላሸ ሲባል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ሥሩን በሠራው ሐኪም ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መታየት ያለበት የጥርሱ አናት ነው፤ ማለትም ከላይ የሚደረግለት ሙሌትና ክራውን፣ ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ልባስ። በሩት ካናል ሐኪሙ የታመመውን ነርቭ አውጥቶ፣ የሥሩን ቱቦ አጥቦ፣ ጉታ ፐርቻ በሚባል ላስቲክ መሰል ነገር ይሞላዋል። ይሄ ሙሌት ብቻውን ምራቅ አያግድም። ከላይ በደንብ ካልተደፈነ ምራቁ ባክቴሪያ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት ሕመሙ ሲቆም መጥፋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግብ የነበረ መንጋጋ ጥርስ ነርቩ ሲወጣ ጸጥ ይላል። ከዚያ "ተሻለኝ" ተብሎ ቀጠሮው ይረሳል። ከላይ የተደረገው ግን ጊዜያዊ ሙሌት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም። ሲታኘክበት ይሸረፋል፣ ጠርዙ ይከፈታል። ነርቭ የሌለው ጥርስ ደግሞ ቢቦረቦርም አያምም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይሰማው። ስለዚህ "ምንም አላመመኝም" ብሎ መተማመን አይቻልም። ብዙ ሰው የሚነቃው ድዱ አብጦ መግል ሲይዝ ነው።

ለዕረፍት አዲስ አበባ መጥተው ሕክምናውን የሚጀምሩ የዳያስፖራ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። በሰርጉና በዘመድ ጥየቃው መሀል የበረራው ቀን ከክራውኑ ቀጠሮ ቀድሞ ከተፍ ይላል። እንደመጡ ቢጀምሩት ጥሩ ነው። ካልሆነም ቢያንስ በቋሚ ሙሌት አስደፍነው ይሳፈሩ፤ ራጁንም በስልክዎ ይያዙ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ይፈልገዋል።

ሁለተኛው "ብር ስይዝ አሠራዋለሁ" ብሎ መንጋጋ ጥርስን ያለ ክራውን ማኖር ነው። ክራውን ውድ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ግን በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሩት ካናል ተደርጎላቸው ክራውን ያልተሠራላቸው ጥርሶች ከተሠራላቸው በ6 እጥፍ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት እንደሚጠፉ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥርሱ መጀመሪያ በመቦርቦሩ፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ወደ ሥሩ ለመግባት ሲከፍተው ብዙ አካሉን አጥቷል። የቀሩት ግድግዳዎች ሲታኘክባቸው ወደ ውጭ ይለጠጣሉ። አንድ ቀን አንዲት የቆሎ ፍሬ ትበቃዋለች። ስንጥቁ ሥር ድረስ ከወረደ ደግሞ መንቀል ነው፤ የከፈሉት ሁሉ ውኃ በላው። ብሩ ካልሞላ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። የጥርሱን ጫፎች ጭምር የሚሸፍን ቋሚ ሙሌት ሠርቶ ጊዜ ሊገዛልዎት ይችላል። የፊት ጥርስ ግን ሌላ ነው። ብዙ ካልተጎዳ ሙሌት ይበቃዋል፤ ክራውን የግድ ነው ካሉዎት "ለምን?" ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛው የሚሠራው ሐኪም ቤት ውስጥ ነው፦ እርጥብ ጥርስ ላይ ክራውን መለጠፍ። በተለይ ሬዚን የሚባለው ማጣበቂያ ምራቅም ደምም አይወድም። ጥጥ ሳይደረግ፣ ምራቅ ሳይመጠጥ በጥድፊያ ከተለጠፈ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ሌላም አለ። አንዳንድ ጊዜያዊ ሙሌት ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸትተው ዩጂኖል ስላለበት ነው። ዩጂኖል በደንብ ካልተጠረገ ሬዚኑ እንደሚገባው አይጠነክርም። "ዶክተር፣ ደርቋል?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሲነክሱ ክራውኑ ከፍ ካለብዎትም ዝም አይበሉ። ነርቩ ቢወጣም በሥሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ጫናውን ይሰማዋል። በማደንዘዣ ሆነው ካልለዩት፣ ሲለቅዎት ይደውሉ።

የወለቀ ክራውንን በሱፐር ግሉ መለጠፍስ? በፍጹም። ሙጫው ለአፍ የተሠራ አይደለም። ክራውኑ ተንጋዶ ይቀመጣል፣ ምራቁም ውስጥ ይታሸጋል። በንጹሕ ዕቃ ይዘውት በቶሎ ይሂዱ፤ እስከዚያ በዚያ በኩል አያኝኩ። ለምን እንደወለቀም ይጠይቁ። ከድዱ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤናማ ጥርስ ከሌለ ማጣበቂያ ብቻውን አይዘውም።

ቀድሞ ክራውን ያለው ጥርስ ሩት ካናል ሲያስፈልገው አንዳንዴ ክራውኑ ይበሳል። ያ ቀዳዳ በቋሚ ሙሌት መደፈን አለበት። ከጠርዙ ሥር መቦርቦር ካለ ግን ቀዳዳውን መድፈን ዋጋ የለውም፤ ክራውኑ ራሱ ይቀየራል።

ክራውን አይቦረቦርም፤ ክራውኑና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር ግን ይቦረቦራል። ሲቦርሹ ወደ ድዱ ጠጋ ይበሉ፣ በጥርስ ክርም ያጽዱት። ከ1 ዓመት በኋላ ምንም ባይሰማዎትም ራጅ ይነሡ።