ብሬስ አድርገው ማስቲካ ሲያኝኩ

ብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ለሚያደርግ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሚነገሩት ክልከላዎች አንዱ «ማስቲካ እንዳትነካ» የሚል ነው። ክልከላው መሠረት ቢኖረውም ሁሉንም ማስቲካ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ስኳር ያለበትና የሚዝለገለግ ማስቲካ በእርግጥም የብሬስ ጠላት ነው። ስኳር የሌለው ለስላሳ ማስቲካ ግን በልኩና በሰዓቱ ከታኘከ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ሐኪምዎ ጨርሶ ከከለከሉዎት ግን የእሳቸው ቃል ይቅደም፤ በአፍዎ ውስጥ የተገጠመውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ስኳሩ ለምን ይከፋል? በብራኬቱ (ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን በሚይዘው ትንሽ ማያዣ) ጠርዝና ከሽቦው ሥር የጥርስ ብሩሽ በቀላሉ አይደርስም። እዚያ የተጋገሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ከጥርሱ ሽፋን ማዕድን እየሰረሰረ ያወጣል። ውጤቱ የሚታየው ብሬሱ ሲወልቅ ነው፦ ብራኬቱ ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ጤነኛ ሆኖ ዙሪያውን ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይከበዋል። ይህን ምልክት በመቦረሽ ማስለቀቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ። ከስኳር ነጻ ከሆነ፣ በተለይ ዛይሊቶል የተባለው በስኳር ምትክ የሚገባ ማጣፈጫ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያው ከሆነ ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ዛይሊቶልን ወደ አሲድ መለወጥ አይችሉም። በአንድ ቀን ብዙ ከታኘከ ግን ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያስከትላል። (ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ማስቲካውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።) ጠንካራ ልባስ ካለው እንክብል ይልቅ ስሱ ጠፍጣፋው ይሻላል። እንክብሉ ብቻ ከተገኘ ልባሱ በምራቅ እስኪሟሟ ድረስ ሳይነክሱ አፍዎ ውስጥ ያቆዩት። ፊኛ የሚነፋበትን ማስቲካ ይተዉት። ቆይቶ የደረቀና ሲታጠፍ የሚሰበርም አይሆንም።

ብራኬቱ በተለጠፈ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ምንም ዓይነት ማስቲካ አያኝኩ፤ ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ሽቦ ከተቀየረ ወይም ከተጠበቀ በኋላ ያለው ሕመም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሕመሙ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምርና በማግስቱ አካባቢ ይበረታል፤ በሳምንት ውስጥም ይበርዳል። በእነዚያ ቀናት ቀስ ብሎ ማኘክ ብዙ ሰዎችን ያስታግሳል። ሲያኝኩ ሕመሙ ከባሰብዎት ያቁሙ።

አኘካኩ እንዲህ ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ የሚያያይዙ፣ ራስዎ የሚያደርጓቸው ላስቲኮች ካሉ እጅዎን ታጥበው ያውልቋቸው፤ ሲጨርሱ አዲስ ያድርጉ። ከምግብ በኋላ ግማሽ ጠፍጣፋ ማስቲካ ይበቃል። በኋላ መንጋጋ ጥርሶች፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያፈራረቁ በዝግታ ያኝኩ። ወደ ፊት ጥርሶች አያምጡት፤ በምላስዎ በሽቦው ላይ አይለጥጡት። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ምራቁ በዚያ ጊዜ አሲዱን ያለዝባል። ማስቲካው መጠንከር ወይም ክር መሳብ ከጀመረ ሰዓቱ ባይሞላም ይትፉት፤ ከዚያም አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ።

ላንቃ ማስፊያ የተገጠመለት ሰው፣ የላይና የታች ጥርሱ እንዳይገጥም ማንሻ ሙጫ የተደረገለት፣ መንጋጋው የሚያመው ወይም የላላ ብራኬት ያለው ጭራሽ አያኝክ። የሚወልቅ ግልጽ ማስተካከያ የሚጠቀም ደግሞ ማስተካከያውን አውልቆ ያኝክ።

ማስቲካው ሽቦው ላይ ከተጠመጠመ በመርፌ ወይም በስንጥር አይጎርጉሩት። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ጉመው ለ30 ሰከንድ ያህል ያቆዩ፤ ሁለት ሦስቴ ይድገሙት። ማስቲካው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ መጣበቁንም ይተዋል። ከዚያ በትንሿ የጥርስ መሃል ብሩሽ ከድድ በኩል በሽቦው ሥር እየገፉ ያስለቅቁት። ወደ ውጭ አይጎትቱ፤ ጉተታው ሽቦውን ከብራኬቱ መግቢያ ሊያወጣው ይችላል።

በሕክምናው መጀመሪያ የሚገባው ሽቦ ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ በማኘክ ጫፉ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ላይ ካለው የሽቦ ማስገቢያ ቱቦ ሊወጣና ጉንጭ ሊወጋ ይችላል። ቦታውን በንጹሕ ሶፍት ያድርቁ፤ የብሬስ ሰም በአተር ፍሬ መጠን አድቦልቡለው ጫፉ ላይ ይጫኑት። ጉንጩ ከቆሰለ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ይጉመጥመጡበት።

ብራኬት መልቀቁን ለማወቅ በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ጥርሱ ሳይነቃነቅ ብራኬቱ ብቻ በሽቦው ላይ ከተንሸራተተ ለቋል። ጎትተው አያውጡት፤ በሰም ይያዙትና በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ይደውሉ። ብራኬቱ ተመልሶ እስኪለጠፍ ድረስ ያ ጥርስ የሚገፋው የለም፤ ወደ ነበረበትም ሊመለስ ይችላል።