ያገለገለ ቶዮታ ጅማ ላይ ሲገዙ፦ ዝናውን ከባለቤቶች ልምድ ጋር የማመሳከሪያ መንገድ

ጅማ ውስጥ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው «ቶዮታ ግዛ፣ አትቸገርም» የሚል ነው። ምክሩ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ኮሮላ ከ1966፣ ሃይሉክስ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጭቃና አቧራ በሚፈራረቁባቸው አገሮች ሁሉ ተፈትነው ያተረፉት ስም ነው። ሆኖም ይህ ስም የሚመሰክረው ከፋብሪካ ስለወጣው መኪና ነው። ደላላው ፊትዎ የሚያቆመው መኪና ግን ከፋብሪካ ከወጣ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያለፈው፣ በሁለትና በሦስት አገር የተነዳ፣ ስንት ባለቤትና ስንት መካኒክ እንደተፈራረቀበት የማይታወቅ መኪና ነው። ስለዚህ ገዢው ዝናውን እንደ መነሻ ይዞ፣ ቀሪውን ራሱ ማጣራት አለበት።

ዝናው የሚለካበትን መንገድ ማወቅ ለዚህ ይረዳል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት መለኪያዎች አንዱ የአሜሪካው ጄዲ ፓወር በየዓመቱ የሚያወጣው ጥናት ሲሆን፣ የሚጠየቁትም የሦስት ዓመት መኪና ያላቸው የመጀመሪያ ባለቤቶች ናቸው። ውጤቱም በመቶ መኪና ስንት ችግር እንደተመዘገበ ይገልጻል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስም፣ ከወልቂጤ ወርዶ፣ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ሽቅብ ወደ ሰኮሩ ስለሚወጣ የሃያ ዓመት ቪትዝ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በተጨማሪም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ካስታወቀ ወዲህ ገበያው በአብዛኛው የሚሽከረከረው አገር ውስጥ ባሉት መኪኖች ነው። እያንዳንዳቸው በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ስማቸው ግን አብሯቸው አያረጅም።

የመጀመሪያው ሥራ «ቶዮታ» የሚለውን ሰፊ ስም ወደ ሞተርና ወደ ምርት ዘመን መሸንሸን ነው። ኮፈኑን ከፍተው በብረት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሞተር መጠሪያ ይመዝግቡ። ለምሳሌ ዜድዜድ ከሚባለው የሞተር ቤተሰብ ከ1998 እስከ 2002 ገደማ በኮሮላ ላይ የተገጠሙት ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ምክንያቱም ከፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን ከሚከበው ቀለበት) ጀርባ ዘይቱ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በካርቦን ይደፈኑ ነበር። በዘመኑ የሃይሉክስና የፕራዶ ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ማለትም 1ኬዲ፣ ጉልበቱ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ነዳጅ የሚረጩት ኢንጄክተሮች መቀመጫ ላይ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያልፉ የተቃጠለው ጋዝ ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ ጥላሸቱም በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ 2.8 ሊትር ሞተርም ከጉድለት አላመለጠም። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ 264,170 ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ የጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት እንዳለበት ፍርድ ቤት በ2022 ወስኗል። የሚኒባሶቹ 3ኤልና 5ኤል ደግሞ ቀላልና ጠንካራ ሞተሮች ሆነው ሳለ የታይሚንግ ቺንጋቸው (የቫልቮቹን አከፋፈት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ ካልተቀየረ ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስም ቫልቮቹን ያጣምማል። የቪትዝ ሞተሮች በአንጻሩ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስለሚጠቀሙ ይህ ስጋት የለባቸውም። እነዚህ ሁሉ የአንድ ድርጅት ሥራዎች ሲሆኑ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይለያል።

ባለቤቶችን እንዴት እንጠይቅ

የባለቤቶች ምስክርነት ከዝናው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግን አጠያየቁን ማወቅ ያስፈልጋል። ሊሸጥ ያሰበ ሰው «ወንድሜ፣ ከዘይትና ከጎማ ሌላ ምንም አያውቅም» ይላል። ሊሸጥ ያላሰበም ቢሆን፣ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን መኪና ማማት ስለማይወድ፣ ያስጠገነውን ሁሉ «ያው የተለመደ ሰርቪስ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስመ ጥር በሆነ መኪና ላይ የደረሰ ብልሽት እንደ አጋጣሚ ሲቆጠር፣ ያው ብልሽት ስም በሌለው መኪና ላይ ሲደርስ «ድሮስ!» ይባላል። መካኒክ ደግሞ በተቃራኒው የሚያየው የታመመውን ብቻ ስለሆነ በብዛት የሚነዳው መኪና ሁሉ በብዛት የሚበላሽ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ «መኪናው ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ። «ጋሼ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ምን ዕቃ ቀየሩ? ስንት ቀን ጋራዥ ቆመብዎ? ዕቃውስ እዚሁ ጅማ ተገኘ ወይስ ከአዲስ አበባ መጣ?» ብለው ይጠይቁ። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሰው እምብዛም አይዋሽም፤ የሚጠየቀው አስተያየቱን ሳይሆን የሆነውን ነገር ነውና። የሚጠየቁትም ሰዎች ቢለያዩ መልካም ነው። አጋሮና ሊሙ እየተመላለሰ ቡና የሚገዛ ነጋዴ፣ ከቤቱ እስከ ዩኒቨርሲቲው ብቻ የሚነዳ መምህር፣ ጅማና በደሌ መካከል የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ስለ አንድ ዓይነት ሞተር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊነግሩዎ ይችላሉ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ መንገዳቸው ስለሚለያይ መልሳቸውም ይለያያል። ከሁሉም አብልጠው ማመን ያለብዎ፣ እርስዎ ሊነዱበት ባሰቡት መንገድ የሚነዳውን ሰው ነው። ጭስ ማጣሪያ ያለውን አዲስ ናፍጣ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው አልመክርም። ማጣሪያው የሚጸዳው ረጅም መንገድ በጥሩ ፍጥነት ሲነዳ ነው፤ ከጅማው መርካቶ እስከ ኮቺ እየተመላለሱ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ቪትዝና የዞረው መሪ

ይህ ነጥብ በከተማችን ከሚገባው በታች ስለሚነገር ሰፋ አድርጌ ላንሣው። ቪትዝ የሚለው ስም ከ1999 ጀምሮ መኪናው በጃፓን ገበያ የተሸጠበት ስም ነው፤ ወደ ውጭ የተላከው ያሪስ ይባላል። ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ በኩል በመሆኑ፣ በላዩ ቪትዝ የተጻፈበትና ዛሬ መሪው በግራ የሆነ መኪና መሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የዞረ ነው ማለት ነው። ይህ ሥራ የተሠራው በቶዮታ እጅ ስላልሆነ የቶዮታ ዝና አይሸፍነውም። ዳሽቦርዱ ተነሥቷል፤ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ብረት ተቆርጧል፤ የመሪው ሳጥን፣ የፍሬኑ ፔዳልና የኤሌክትሪክ ገመዱ በሙሉ ወደ ሌላው ወገን ተዛውረዋል። በጥንቃቄ የተሠራም አለ፤ በችኮላ የተሠራም አለ።

አንድ ዘመዴ የገዛት ቪትዝ በክረምት የሾፌሩ አጠገብ ምንጣፍ ዘወትር ይረጥብባት ነበር። በሩና የበሩ ዙሪያ ጎማ ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ምንጣፉ ሲነሣ፣ የቀድሞው የመሪ ዘንግ ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በቀጭን ላሜራ ተሸፍኖ፣ ዳር ዳሩ ማስቲሽ ብቻ ተቀብቶ ተገኘ። ማስቲሹ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከጎኑ ያለፉት ገመዶች በናስትሮ ብቻ የተቀጣጠሉ ስለነበሩ የመጋጠሚያቸው መዳብ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። መብራቱ ያለ ምክንያት የሚጠፋባትም በዚህ የተነሣ ነው። ሞተሯ ግን እንከን አልነበረበትም።

ስለዚህ ቪትዝ ሲመርጡ ሁለቱንም የፊት ምንጣፎች አንሥተው በእጅዎ ይዳስሱ፤ በባትሪ ብርሃን ከዳሽቦርዱ ሥር ይመልከቱ፤ የተቆረጠውና የተበየደው ቦታ የት እንደሆነ ያግኙ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ወገን አዙረው ይሞክሩ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ የሚቆም ከሆነ የመሪው ሳጥን በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ መብራቱ ተነቅሏል፤ ምናልባትም ኤርባጉ ራሱ የለም። ኤርባጉ ኖሮም ቢሆን ሌላ ማጣራት ይቀራል። ታካታ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የሠራቸው ኤርባጎች፣ በውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ሊረጩ ይችላሉ። ኮሮላንና ያሪስን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቶዮታዎች በዚህ ምክንያት ተጠርተዋል፤ ታካታም በ2017 ከሰረ። እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አገር ይህ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም። የሻንሲ ቁጥሩን በተሠራበት አገር የቶዮታ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ጅሬን ወጥቶ መሞከር

ሻጩን ማልደው፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ እንደሚመጡ ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎ ችግር ያለው ቀዝቅዞ ሲነሣ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዛውሩ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተው ይመልከቱ፤ ውኃው ዝገት መስሎ ከቀላ፣ ባለቤቱ ለዓመታት በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውኃ ሲጨምር ኖሯል። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነጭ አረፋ ካዩ ውኃና ዘይት ተቀላቅለው ሊሆን ስለሚችል የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይፈተሽ ዋጋ አይነጋገሩ። የሞተሩን ሙቀት የሚያስተካክለው ቴርሞስታት እንዳለም ይጠይቁ፤ ሞተሩ እንዳይሞቅ ተብሎ አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው። ሞተሩ ግን ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። በእኔ እምነት ብዙዎቹ «ቶዮታ ድሮ ቀረ» የሚባልባቸው ብልሽቶች እንዲህ ካለው የእኛው አያያዝ የመጡ ናቸው።

ሞተሩ ሲነሣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቮቹ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ማለቁን ሲያሳይ፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር የሚወጣው ግን ወደ ፋሻው ይጠቁማል፤ የሁለተኛው ጥገና ሞተር ማውረድ ስለሚጠይቅ ዋጋው የትየለሌ ነው። ከዚያ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን፣ ይውጡ። ዳገቱ የማርሹን፣ የፍሪሲዮኑንና የማቀዝቀዣውን አቅም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው የሙቀቱን መርፌ ይከታተሉ፤ ከተማ ውስጥ ደህና የሚመስል መኪና ጊቤ ላይ የሚፈላው ይህን ፈተና ማንም ስላልፈተነው ነው። ቁልቁል ሲመለሱ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን መጎተቱን ያስተውሉ። መኪናው ጌራ ወይም ሲግሞ የከረመ ከሆነ ሥሩ ሊታይ ይገባል፤ የፊት እግሩን ሻፍት የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ ጭቃ ገብቶ መጋጠሚያውን በልቶታል።

የኪሎሜትር ቆጣሪውን አይመኑ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ አልቆ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀዶ ሳለ 80,000 የሚያሳይ ቆጣሪ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተመልሷል።

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ለዚያ ሞተር የሚሆን የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራና የውኃ ፖምፓ ጅማ ውስጥ ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች ይጠይቁ። ቶዮታ እዚህ የሚመረጥበት አንዱ እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው፤ ዕቃው ይገኛል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ግን 350 ኪሎሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ መኪናው ይቆማል፤ ተሳስቶ ከመጣም እንደገና ይቆማል። ስመ ጥር በመሆኑ ፎርጅዱም የሚበዛው በቶዮታ ዕቃ ላይ ስለሆነ፣ የሚያውቁት መካኒክ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ከአዲሱ ጋር ያስተያይ።

ከገዙ በኋላ፣ ሻጩ «በቅርቡ ነው የቀየርኩት» ቢልዎም፣ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የፍሬኑን ዘይት በሙሉ ይቀይሩ፤ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ቺንጋውንና አብረውት የሚዞሩትን መዘውሮች ያስቀይሩ። የዘይቱን ልክ በመለኪያ ዘንጉ አይተው፣ 500 ኪሎሜትር ነድተው፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው እንደገና ይለኩ፤ የጎደለውን ከነቀኑና ከነኪሎሜትሩ በደብተር ይመዝግቡ። ደብተሩ ውስጥ የተቀየረው ዕቃ፣ የወጣው ገንዘብና መኪናው የቆመበት ቀን ሁሉ ይግባ፤ ጎረቤትዎ ስለዚያው ሞተር ሊጠይቅዎ ሲመጣ ደብተሩን አውጥተው ያሳዩት።