የደንገል ጥያቄ ይዤ ወደ ቪየና፦ ውጭ አገር የአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ መማር ለምትፈልጉ

ወረታ ላይ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጉማራ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር የደጋውን አፈር ተሸክሞ ጣና ሲገባ አያለሁ፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የዳር ደንገሉ ይመነጠርና ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል። ደንገሉ ካለቀ ያንን ሁሉ አፈር ምን ይይዘዋል? ማመልከቻዬን የጻፍኩት፣ ትምህርቱን የጨረስኩትና የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ከማገላበጣችሁ በፊት በእግራችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ ምረጡ። አባያ ይሁን፣ አብጃታ ይሁን፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ይሁን፣ ዋናው እናንተ የምታውቁት መሆኑ ነው።

ጥያቄው ሲኖር ፕሮግራም መምረጥ ይቀላል። የኔ ስለ ሐይቅና ረግረግ ስለነበር በቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬንያው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲና በኔዘርላንድሱ የውሃ ትምህርት ተቋም አይ ኤች ኢ ዴልፍት በጥምረት የሚሰጠውን የሊምኖሎጂ (የሐይቅና የወንዝ ውሃ ጥናት) እና የረግረጋማ መሬት አያያዝ ትምህርት መረጥኩ። ደን ላይ የምትሠሩ ወይም ፖሊሲ የምትወዱ ሌላ ታገኛላችሁ። ሥራ ላይ ላላችሁ የጀርመኑ ዳድ ኤፖስ የተባለው ስኮላርሺፕ ጥሩ ነው፤ ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ዲግሪው ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም፣ የአሠሪም ደብዳቤ ይፈልጋል። ገና ከተመረቃችሁ ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ እዩ፤ የሥራ ልምድ ግዴታ አይደለም፣ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉባቸው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ስለሆኑ ክረምቱን ለወረቀት ተጠቀሙበት።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። የአባቴ ስም በፓስፖርቴ ላይ በኬ፣ በትራንስክሪፕቴ ላይ በኪው ተጽፎ ነበር። አንድ ፊደል ለማስተካከል ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ የአንድ ዓመት ዕድልም አለፈኝ። ዛሬውኑ ፓስፖርታችሁን፣ ዲግሪያችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የተመረቃችሁበት ዓመት በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር በግልጽ መጻፉንም እዩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ከሬጅስትራር አብራችሁ አውጡ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም በእሱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ግን አይልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ካልሆነ አይልም።

የሞቲቬሽን ደብዳቤዬ የመጀመሪያው ረቂቅ «ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ፤ የአየር ንብረት ለውጥ የዓለም ስጋት ነው» ብሎ ይጀምር ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤቴ ታላቅ ባልደረባ አነበበውና «ይህንን ማንም ይጽፈዋል፤ አንቺ ያየሽው የታለ?» አለኝ። ሰርዤ እንዲህ አልኩ፦ «ሥራ ስጀምር ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ደንገሉን ከደጃቸው ያጭዱ ነበር፤ አሁን ግማሽ ቀን ቀዝፈው ያመጡታል።» ከዚያ ቀጥሎ ምን እንዳልገባኝና ያንን የትኛው ኮርስ እንደሚያስተምረኝ ጻፍኩ። የእናንተም ደብዳቤ ከዓይን ምስክርነት ይጀምር።

ከመሄዳችሁ በፊት አር የተባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም ልመዱ። ነፃ ነው፣ መለስተኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የቢሮአችሁን የዝናብ መዝገብ አስገቡና የ10 ዓመት ግራፍ ሥሩ፤ ስሕተት እያወጣ ሲያስቸግራችሁ አገር ቤት፣ ጊዜ እያላችሁ፣ ይሻላል። እዚያ ስትደርሱ የክፍል ሰዓቱ ጥቂት ይመስላል፣ ነገር ግን አንድ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት) ማለት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ የሁለት ዓመት ማስተርስ ደግሞ 120 ነው። ቀሪውን የምትሞሉት በንባብ፣ በቡድን ሥራና በሪፖርት ነው። ካነበባችሁት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳትጠቅሱ አትውሰዱ፤ ከትምህርት ሊያስወጣ ይችላል።

መስክ ላይ እጃችሁን አትሰስቱ። ኦስትሪያ ውስጥ ሉንዝ ሐይቅ ላይ ሴኪ ዲስክ የሚባለውን፣ ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ የሚለካበትን ነጭና ጥቁር ሳህን በገመድ ሳወርድ፣ ገመዱ ሲተረተር ሲተረተር ሳህኑ አሁንም ይታየኛል። በክረምት ጉማራ አፍ ላይ አንድ ክንድ ሳይወርድ ይሰወራል። በዚያው ሳምንት ክሎሮፊል (የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም) ለመለካት ውሃ ያጣራሁበትን ወረቀት ብርሃን ላይ ትቼው ናሙናው ተበላሸብኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማጣሪያ ወረቀት ሁሉ ወዲያው በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ በረዶ ውስጥ አስገባለሁ። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ስንሄድ ደግሞ ደንገሉ እዚያም ተመንምኖ አገኘሁት፤ የሚጠይቁት ነገር የኔን መሰለ፣ የብዙ ዓመት መረጃ ግን ነበራቸው። ጽሑፎቻቸውን ይዤ ተመለስኩ።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ አጥብቄ የምነግራችሁ ወቅቱን እንድታስቡ ነው። ጉማራ አፈር የሚያመጣው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ለኔ የተሰጠኝ የመስክ ጊዜ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ነበር። ጎርፉን መለካት አልቻልኩም። ከአማካሪዬ ጋር ጥያቄውን ቀየርነው፦ የመጣው አፈር የት ተቀመጠ? ሦስት ቦታ ላይ ከደንገሉ ውስጥና ደንገል ከሌለበት ዳር በቱቦ ደለል አወጣሁ። አድርቄ መዘንኩ፣ ምን ያህሉ የእፅዋት ቅሪት እንደሆነ ለማወቅ በ550 ዲግሪ አቃጥዬ እንደገና መዘንኩ። የታንኳ ቀዛፊው የት ደንገል እንደነበረና መቼ እንደተመነጠረ ከማንኛውም ካርታ በላይ ያውቅ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የቀን ክፍያ በበጀታችሁ ውስጥ ያዙ፤ ምስጋናም ጽሑፉ ላይ አስፍሩ። የወረዳና የቀበሌ ፈቃድ ደብዳቤም ከመምጣታችሁ በፊት ይጠየቅ።

ስትጨርሱ ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለሠራችሁበት ወረዳ ስጡ። እኔ ስሰጥ የቀበሌው ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ደንገሉን ከውሃው ዳር ስንት ሜትር እንተው?» የለካሁት ሦስት ቦታ ብቻ፣ እሱም ከክረምት በኋላ እንደሆነ ነግሬአቸው፣ በእነዚያ ሦስት ቦታዎች ያገኘሁትን አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ገና ቀይ ሳለ አብረውኝ ናሙና ሊወስዱ ሁለት ወጣቶች ተመዘገቡ።